የድርቆሽ ደረጃ

ከጎርፉ ወዲህ በእማማ ቤት ወለል ላይ ቀጥ ብሎ መራመድ አይቻልም። ጣውላው እዚህ ተሰንጥቋል፣ እዚያ ጎድጉዷል፣ መሀል ሳሎን ላይ ደግሞ እግር የሚውጥ ቀዳዳ አለ። ይህን ያደረገው ውሃ እንዳይመስላችሁ። ውሃው በረንዳው ሥር ደርሶ ደፉን ሳይረግጥ ነው የተመለሰው። ወለሉን እንዲህ ያደረጉት ላሞች ናቸው፤ አስራ አንድ ላሞች፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሳሎንና መኝታ ቤት ውስጥ ቆመው የከረሙ።

ላሞቹን ያስገባችው ምራትየዋ ናት። አግብታ ወደዚህ ቤት ስትመጣ ሰፈሩ «የእማማ ምራት» አላት፣ እያደር ደግሞ «ምራትየዋ» ሆና ቀረች፤ አሁን ትክክለኛ ስሟን የሚያስታውስ ካለ እሷ ራሷ ትገረማለች። ባሏ ታሞ ሲሞት ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች ብለው የጠበቁ ብዙ ነበሩ። አልተመለሰችም። ላሞቹን ማን ያልባል? እማማንስ ማን ያያል? ደግሞ እውነቱን ለመናገር ላሞቹን ትወዳቸዋለች። እማማንስ ትወዳለች ወይ ካላችሁ፣ መልሱ እንዲህ ባጭሩ የሚያልቅ አይደለም።

እማማ ክፉ ሴት አይደሉም። ያላቸውን አይሰስቱም፣ ሰው አያሙም፣ ውሸት ደግሞ ለቀልድ እንኳ ከአፋቸው አይወጣም። ችግሩ ምስጋናም አይወጣም። ምራትየዋ አጥር ብታጥር፣ «ልጄ ቢሆን ኖሮ ጠበቅ ያደርገው ነበር» ይላሉ። ምጥ የጸናባትን ላም ስትታገል አድራ ብታዋልድ፣ «ልጄ ቢሆን ኖሮ ቀደም ብሎ ያውቅላት ነበር» ይላሉ። ሰውየው ከሞተ ወዲህ በየዓመቱ እየጎበዘ ሄደ። ምራትየዋ የምታውቀው ባል ግን አጥር ጀምሮ ግማሹ ላይ ሲደክመው ጥላ ሥር ጋደም የሚል፣ ሳቂታ፣ ሆደ ቡቡ ሰው ነበር። ወዳዋለች፣ አልቅሳለታለች። ግን ይህን ለእናቱ መንገር አይሆንላትም፤ ዋጥ አድርጋው ኖረች።

ጎርፉ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ እዚህ አልነበረም፤ ወንዙ ከላይ ከተራራው ሞልቶ ነው ሜዳውን የያዘው። ጎረቤታቸው ጠበቃው ቤተሰቡን የጭነት መኪናው ላይ ጭኖ በራቸው ላይ ቆመና ጥሩምባ ነፋ። ጠበቃው ስሙ ነው እንጂ ሥራው ከብት ማርባት ነው፤ በአንዲት የአጥር ችካል ዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሶ ችካሏን ስላስመለሰ ነው እንዲህ የተባለው። ውጡ፣ መንገዱ ሳይቆረጥ እንሂድ አላቸው። እማማ ወይ ፍንክች። ቤቴን ትቼ አልሄድም፣ ቤቱ ከፍ ያለ ነው፣ ውሃም ከመጣ እዚሁ ያግኘኝ አሉ። ምራትየዋ መኪናውንም አየች፣ እሳቸውንም አየች፣ ከዚያ ለጠበቃው በእጇ ሂድ አለችው።

በረቱ ግን እንደ ቤቱ ከፍ ያለ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ውሃው የላሞቹን ሆድ ነካ። በሜዳው ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ቤቱ ብቻ ነው፣ ወደ ቤቱ የሚያስወጣው ደግሞ ጠባብና ቀጥ ያለ የድንጋይ ደረጃ። ላም ደግሞ ደረጃ አትወጣም። ምራትየዋ እዚያ ቆማ ጥቂት አሰበች፤ ከዚያ መጋዘን ገባች። ለበጋው የገዛችው ድርቆሽ እስር በእስር እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ነበር። አንዱን እስር ተሸክማ ወጣችና ደረጃው ሥር ጣለችው። ሁለተኛውን ደገመች። መጋዘኑ ባዶ እስኪሆን ተመላለሰች፤ ደረጃው የድርቆሽ ዳገት ሆነ። በመጨረሻ የጓዳውን በር ከማጠፊያው ነቅላ ከላይ አጋደመችበት፣ ላሞቹንም አንድ በአንድ እየጎተተች፣ እየገፋች፣ እየለመነችና እየተሳደበች አስወጣቻቸው። የመጨረሻዋ ላም በረንዳው ላይ ስትቆም ድርቆሹ ከሥር ተንዶ እየተበተነ ከውሃው ጋር ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው መሳቅ ይሁን ማልቀስ ይቸግረው ነበር። ቀይዋ ላም መጋረጃውን በላች። ቡሬዋ ቁምሳጥኑ መስታወት ፊት ቆማ ራሷን እያየች ትጮሃለች። ሦስቱ እማማ መኝታ ቤት ገብተዋል። እማማ አልጋቸው ላይ እግራቸውን ሰብስበው፣ ትራሳቸውን አቅፈው፣ ፊታቸው ላይ የላም ጅራት እየተወዛወዘ ሁለቱን ቀን ሲቀመጡ ከአንድ ነገር በቀር አልተናገሩም። እሱም «ያቺን ከቡፌው አርቂያት» የሚል ነው። ምራትየዋ ይህን ስትሰማ ድካሙ ሁሉ ባንድ ጊዜ ወረደባት። ዞር ብላ ወደ ጓዳ ገባች፣ እዚያ ባሉት ላሞች መሀል ተቀምጣም ትንሽ አለቀሰች።

ውሃው ሄደ፣ ጭቃው ቀረ። የግጦሹ መሬት ከዳር እስከ ዳር በደለል ተሸፍኖ አንዲት ሣር አይታይበትም። መጋዘኑ ባዶ ነው። አስራ አንድ ላም ግን ይበላል። ምራትየዋ ከመንገድ ዳር ያጨደችውን፣ ከሩቅ ሰፈር የገዛችውን እያመጣች ለጥቂት ጊዜ አቆየቻቸው፣ እጇ ላይ ያለው ግን እያለቀ ነው። የከብት ነጋዴው ይህን ያውቃል። በየሁለት ቀኑ መኪናውን አጥሩ ጥግ ያቆምና ሰላም ብሎ፣ ስለ እማማ ጤና ጠይቆ፣ ዋጋ ይናገራል። በመጣ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። ቁጣ የለው፣ ችኮላ የለው፤ ይህ ነው የሚያናድዳት።

ተስፋዋ አንድ ነበር። መንግሥት በጎርፍ ለተጎዱ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች የድጋፍ ክፍያ ይሰጣል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ክፍያው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ለሞተ ከብት፣ ሌላው ውሃ ላጠፋው መኖ። ጠበቃው ሸሽቶ ሲሄድ በረቱ ውስጥ የቀሩት ከብቶቹ አልቀዋልና ለሞቱት ሙሉውን ያገኛል። ምራትየዋ ግን አንድም ከብት አልሞተባትም። እሷን የሚመለከታት የመኖው ብቻ ነው፤ እሱን ካገኘች ሣሩ እስኪበቅል ድርቆሽ ገዝታ ላሞቿን ታቆያለች። ካላገኘች የነጋዴው መኪና አጥሩ ጥግ እየጠበቃት ነው።

ጠበቃው መመሪያውን በቃሉ ይዞታል። መኖው በተቀመጠበት ቦታ ውሃ ያጠፋው መሆን አለበት አላት። ባለቤቱ አውጥቶ ለሌላ ነገር ካዋለው ተጠቅሞበታል ተብሎ ይቆጠራል፣ ክፍያም የለውም። ምራትየዋ ፊቷ ሲጠቁር አይቶ እጁን አወናጨፈ። ድርቆሹን በመጨረሻ ማን ወሰደው? ውሃው አይደለም ወይ? ታዲያ ውሸቱ የቱ ላይ ነው?

«መጋዘን ነበር፣ ውሃ ወሰደው» አላት። «ይህን ብለሽ ዝም በይ። አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ።»

ስታስበው እውነትም ውሸት አይመስልም፤ ትንሽ አጠር ያለ እውነት ነው። ላም ስታልብ ለራሷ ትለማመደው ጀመር። መጋዘን ነበር፣ ውሃ ወሰደው። መጋዘን ነበር፣ ውሃ ወሰደው። የምትፈራው ራሷን ሳይሆን እማማን ነው። ጉዳቱን የሚገምተው የመንግሥት ሠራተኛ የሚመጣበት ቀን ሲደርስ ጠበቃው ቤት ሄደው እንዲውሉ ጠየቀቻቸው፤ የሰው ቤት ምን እሠራለሁ አሉ። ሰውየው ሲመጣ እኔ ልናገር አለቻቸው። «ማን ከለከለሽ?» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ይህ እሺ ይሁን እምቢ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ጉዳት ገማቹ ቀጠን ያለ፣ የዝናብ ቦቲው እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነ ወጣት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስንቱን የተጎዳ ቤት አይቶ መጥቷል መሰለኝ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። መጋዘኑን አየ፣ ግድግዳው ላይ ውሃው የደረሰበትን መስመር በስልኩ ፎቶ አነሳ። ድርቆሹ የት ነበር አለ። መጋዘን ነበር አለች። ምን ሆነ አለ። ውሃ ወሰደው አለች። ገማቹ ቀና ብሎም አላያትም፤ ጻፈ። የድንጋይ ያህል የከበዳት ነገር እንዲህ በቀላሉ አለቀ። የቀረው ፊርማ ነው፣ ለፊርማው ወደ ቤት ገቡ።

እማማ መስኮቱ ሥር ሶፋቸው ላይ ነበሩ። ገማቹ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው። ወለሉን እያየ፣ ቀዳዳውን ዘሎ፣ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ምን ነክቶት ነው ብሎ አልጠየቀም፤ ያረጀ ቤት መስሎታል። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ እያደላደለ፣ ለወሬ ያህል፣ መልካም ነገር የተናገረ መስሎት ነው ያን ቃል ያለው።

«ዕድለኞች ናችሁ ግን። በዚህ ሰፈር ላሞቹ ሁሉ የተረፉለት ቤት የእናንተ ብቻ ነው። እንስሳ አንዳንዴ ራሱ መዳኛውን ያገኛል፤ ዕድል ነው።»

ምራትየዋ እስክሪብቶውን ለመቀበል እጇን ዘርግታ ነበር።

«ምን ዕድል?» አሉ እማማ።

«እማማ፣» አለች ምራትየዋ።

«ቆይ አንቺ። ምን ዕድል ነው የምትለው አንተ ልጅ? ዕድል የላም ቀንድ ይዞ ይጎትታል? ይቺ ናት ያወጣቻቸው። መኪና መጥቶ ውጡ ሲሉን እኔ አሻፈረኝ አልኩ፣ እሷም በእኔ ምክንያት ቀረች። ከዚያ ውሃው ሲያይል መጋዘን ገብታ፣ ያን ሁሉ ድርቆሽ፣ እስር በእስር በትከሻዋ እያወጣች እዚህ ደረጃው ላይ ከመረችው። ውሃው ወገቧ ደርሶ ነበር። እኔ እዚህ ሆኜ በመስኮት አያታለሁ። አንዴ ወደቀችና ጠፋችብኝ። ያኔ እኔም አብሬ ሞትኩ፤ እስክትነሳ ድረስ ትንፋሽ አልነበረኝም። ተነሳች፣ ድርቆሹን መልሳ ተሸከመችው። በር ነቅላ አነጠፈችላቸው። አስራ አንድ ላም በዚህ በር አስገባች፣ ብቻዋን። እና አንተ ዕድል ትለኛለህ።»

የምራትየዋ እጅ እንደተዘረጋ ቀርቷል።

«ልጄ ቢሆን ኖሮ፣» አሉ እማማ ቀጠሉና። ምራትየዋ የለመደችው መጣ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። «ልጄ ቢሆን ኖሮ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መኪናው ላይ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነበር።» ምራትየዋ ዓይኗን ገልጣ አየቻቸው። «ምን ታዪኛለሽ? የወለድኩትን የማላውቀው ይመስልሻል?»

ምራትየዋ በዚያች ደቂቃ የተሰማትን በኋላ ላይ ለማንም በቅጡ ማስረዳት አልቻለችም። ደስታም ነበር፣ ንዴትም ነበር፣ ሁለቱ እኩል መጥተው አንዱ ለሌላው መንገድ አልለቅ አለ። ወደዚህ ቤት ከገባችበት ቀን ጀምሮ የጠበቀችው ቃል ነው። ሌላ ቀን፣ ሌላ ሰዓት ቢመጣ ምን ነበረበት? ፊርማው ከደረቀ በኋላ ቢመጣ ምን ነበረበት?

ገማቹ እስክሪብቶውን መልሶ ያዘ። ጥፋት የሠራ ሰው ይመስል ፊቱ ቀልቷል። ድርቆሹ ታዲያ መጋዘን ውስጥ አልነበረም ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ወለሉን እንደገና አየው፣ ግድግዳው ላይ ቀንድ የቦጨቀውን ቀለም አየ፣ ቡፌውን አየ፤ አሁን ሁሉም ገባው። ክፉ ልጅ አልነበረም። ወንበሩን ወደ ምራትየዋ ጠጋ አድርጎ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ።

«እህቴ፣ ትልቅ ሰው ናቸው። በዚህ ዕድሜ ነገር ሊምታታ ይችላል። እኔ የምጽፈው የእርስዎን ቃል ነው። እናቴ ይምታታባቸዋል ካሉኝ፣ የሰማሁትን እንዳልሰማሁ አልፈዋለሁ።»

በሩ እንዲህ ወለል ብሎ ተከፈተላት። አንዲት ቃል ብቻ ናት የምታስፈልገው፤ ያውም ማንንም የማትጎዳ። አሮጊት ይምታታባቸዋል ቢባል ማን ይገረማል? በመስኮቱ በኩል ላሞቹ ይታያሉ፤ ጭቃው ላይ ቆመው የሌለ ሣር ይፈልጋሉ። ወደ እማማ ዞረች። ሰምተዋል። ጆሯቸው ደህና ነው፣ ሁሉንም ሰምተዋል። ግን ፊታቸውን አላዞሩም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ምን እንደምትል ይጠብቃሉ።

«አይምታታባቸውም፣» አለች ምራትየዋ። «እሳቸው እንዳሉት ነው። ድርቆሹን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ገማቹ የጻፈውን ሰርዞ እንደገና ጻፈ። ወለሉን የሰበረው ጎርፍ ቢሆን ለሱ እንኳ አንድ ነገር ይገኝ ነበር አለ፣ ግን ላም የሰበረው ወለል የትኛውም የቅጹ መስመር ላይ አይገባም። ሊስቅ ፈልጎ ተወው። ሲወጣ ደረጃው ላይ ቆሞ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ላይ አየ፤ አስራ አንዱን ላም በልቡ እያወጣቸው ይመስላል።

ጠበቃው ሲሰማ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። እኔ በአንዲት ችካል ስንት ዓመት ተከራከርኩ፣ አንቺ አንድ ቀን አፍሽን መያዝ አቃተሽ ብሎ ተቆጣት። አላኮረፈችም። እሱም ከብቶቹን ሁሉ አጥቷል፤ ባዶ በረቱን ቢያይ የሚነጫነጨው ስለሚያጣ የሷን ነገር ይዞ መነጫነጩ ገብቷታል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ውጤቱ ተነገረ። የመኖ ክፍያው እነሱን እንደማይመለከት ሁሉም አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

ነጋዴው መጣ። ሰላም አለ፣ ስለ እማማ ጤና ጠየቀ፣ ዋጋ ተናገረ። አራት ላሞች ሸጠችለት፤ የአራቱ ዋጋ የቀሩትን ሰባት እስከ ሣሩ ያደርሳል። ቀይዋ ከሚሄዱት አንዷ ነበረች። መኪናው ላይ በሳንቃ አወጧቸው፤ ሌሎቹ አንገራግረው ነበር፣ ቀይዋ ግን የለመደችው ነገር ስለመሰላት ነው መሰል ማንም ሳይጎትታት ራሷ ወጣች። ምራትየዋ እስከዚያ ድረስ ደህና ይዛው ነበር። ይህን ስታይ ግን አልቻለችም፤ አጥሩን ተደግፋ፣ ነጋዴው እያየ፣ እንባዋ ወረደ። ነጋዴው ያን ቀን መጀመሪያ ካለው ዋጋ ትንሽ ጨመረ፤ ለምን እንደጨመረ አልተናገረም፣ እሷም አላመሰገነችውም።

መኪናው ከሄደ በኋላ በረንዳው ላይ ከእማማ ጎን ተቀመጠች። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሰባቱ ላሞች ቦታ ሰፍቷቸው ተራርቀው ቆመዋል።

«ዝም ብል ኖሮ ገንዘቡ ይሰጥ ነበር?» አሉ እማማ።

«ይሰጥ ነበር።»

«ታዲያ ልጁ ሲልሽ ለምን ጃጅተዋል አላልሽም? እኔ ምን እሆን ነበር? ሰው ሁሉ እንደሆነ ጃጅታለች እያለኝ ነው።»

ምራትየዋ መልሱን አስቀድማ አላሰበችበትም። ስትናገር ነው ለራሷም የገባት።

«ጃጅተዋል ብል ኖሮ ያሉት ሁሉ የጃጀ ሰው ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር።»

እማማ ላሞቹን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አራት ላም፣» አሉ። «ለአንድ ቃል አራት ላም! እብድ ነሽ እንዴ? እኔ እኮ በነፃም እነግርሽ ነበር።»

«መቼ?» አለች ምራትየዋ።

እማማ አፋቸውን ከፈቱ። ቀን ሊጠሩላት ፈለጉ፤ የትኛውንም ቢሆን፣ የሚመጣ ዓመት አንዱን ቀን፣ አንዱን በዓል። አንድም አላገኙም። ውሸት ደግሞ አያውቁም። ምራትየዋም አላጣደፈቻቸውም። የማለቢያው ሰዓት ደርሶ ነበርና ባልዲዋን ልታነሳ ተነሳች፤ ግን ከመራመዷ በፊት እማማ የቀሚሷን ጫፍ ያዙና እንደያዙት ቆዩ።